ባላምባራስ ያዩት ካፖርት

ሀሰኖ፣

ጅብ ጋልቤ ከሳጉሬ መጣሁ ስልህ አላመንከኝም፤ ልክ ነበርክ። ይሄን ግን ወላሂ እመነኝ።

ምስር ወጡ ድስት ውስጥ አለ። ቁጭ ብለህ አይደለም፣ ቆመህ ብላ።

አንተ ኢተያ ገበያ እያለህ እኛ የጃንሆይን የኢዮቤልዩ በዓል ቴአትር አሳየን። ባንዳ ልሁን የሚል ሰው ሲጠፋ እኔን ፊቴን ጥላሸት ቀብተው አስገቡኝ። ቴአትሩን ያዘጋጀው መምህር "ተንበርክከህ ማሩኝ በል፣ በቃ" ብሎኝ ነበር። ሕዝቡ ሲስቅልኝ ግን አላስቻለኝም፣ ከራሴ ጨመርኩበት። "ጣሊያን ሲሸሽ የሚስቴን ቀሚስ ለብሼ ጎተራ ውስጥ ተደበቅሁ፣ አይጥ ጢሜን በላችው!" አልኩ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ፊት ወንበር ላይ የነበሩት ባላምባራስ ወልደጻድቅ ከዘራቸውን ይዘው ብድግ አሉ። ከሴቶቹ መሃል ሚስታቸው ወይዘሮ በቀለች "ውይ! ይሄን ደግሞ ማን ነገረው?" ሲሉ ሰማሁ።

ማንም አልነገረኝም እኮ! ከሆዴ ነው ያወጣሁት!

አሁን ሎሌዎቻቸው ባንዳ ሆኖ የተጫወተውን ሰው ቤት ለቤት እየፈለጉ ነው። በጥላሸቱ ምክንያት ፊቴን ማንም አልለየውም። መምህሩም ስሜን አልተናገረም።

የለዩት ካፖርቱን ነው።

ያንተን፣ ቀያይ ቁልፍ ያለውን። አሰላ ውስጥ ሌላ እንደሱ ያለ የለም። ብጠይቅህ እምቢ ትለኝ ነበር፣ ስለዚህ

ተወው።

ምድጃ ውስጥ ልጨምረው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ፤ ቦታው ላይ መልሼ ሰቀልኩት። ስንት ጊዜ ተመኝተህ እንደገዛኸው አውቃለሁ።

ዲክሲስ ከተማ፣ አክስቴ ፋጡ ቤት ነኝ። በጓሮ ውጣና ተከተለኝ። መንገዱ ብርድ ነው፤ ቢሆንም እባክህ፣ ያለ ካፖርት ና።

ቱሳ