በእጅ ጽሑፍህ የተዘጋው በር

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ጉልበትህን ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሐኪም ቤት ሳትሄድ ቀረህ? እኛ ደህና ነን። እማዬም ጆሮዋ ደከመ እንጂ ምላሷ ያው እንደምታውቀው ነው።

ደህና ነን ያልኩህ ግን ለወጉ ነው። ባለፈው ሐሙስ ከማዘጋጃ ቤት አንድ ተቆጣጣሪ መጣና የፊተኛውን ክፍል፣ ሁለቱን የስፌት መኪናዎች፣ የሰቀልኳቸውን የተማሪ ዩኒፎርሞች ሁሉ አይቶ በራችን ላይ ወረቀት ለጠፈ። ሰፈሩ ለመኖሪያ ብቻ የተከለለ ነው፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መኪናዎቹን ካላነሳሁ ክፍሉ ይታሸጋል። ኧረ እኔ መርፌ ነው የያዝኩት፣ ፋብሪካ አልከፈትኩ ብዬ ለመንኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ካርታውን ዘርግቶ፣ እህቴ፣ ቢጫው ውስጥ ነሽ አለኝ። ተወልጄ ያደግኩበት ቤት ቢጫ መሆኑን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

ገበያ መሃል ሱቅ ተከራዪ ይሉኛል። እማዬን ለማን ትቼ? ግማሽ ቀን እንኳ ብቻዋን አትሆንም፤ የምንበላውም ከዚሁ መኪና ነው።

ሰኞ ዕለት ማዘጋጃ ቤቱ በጠራው ስብሰባ ላይ ተገኘሁ። ደንቡ ሊላላ ነው። ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ጠጋኙ፣ ማንኛውም አነስተኛ ሥራ ያለው ሰው፣ አጥር የሚዋሰኑት ጎረቤቶች ከፈረሙለት በቤቱ እንዲሠራ ይፈቀድለታል። እሰይ ብዬ ላጨበጭብ ስል ሰብሳቢዋ ሰፈራችን መጀመሪያ እንዴት እንደተከለለ ከፋይል አውጥታ ማንበብ ጀመረች። ወንድሜ፣ ያንተ ማመልከቻ ነው! ጋሽ መዶሻን ያስነሳንበት።

መቼም አትረሳውም። እማዬ ከቀዶ ሕክምና ወጥታ ተኝታ ሳለ፣ ከጀርባ አጥራችን በርና መስኮት ሲበይዱ፣ ብረት ሲቀጠቅጡ የሚውሉትን ጎረቤታችንን አንተ በዚያ በሚያምር ጽሑፍህ ከሰስካቸው፤ እኔ ቤት ለቤት ዞሬ አስፈረምኩ። የሥራ ሰዓታቸው ይወሰን ማለት ስንችል፣ ሰፈሩ በሙሉ ለመኖሪያ ብቻ ይሁንልን አልን። ጋሽ መዶሻ እስከ ዛሬ ቤታቸው እዚሁ፣ ሥራቸው ከከተማ ውጭ ነው፤ በዚያ ዕድሜያቸው በየቀኑ ሁለት አውቶቡስ ይይዛሉ። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ የሚገባበት አይታወቅም ሲባል እንሰማ የለም እንዴ?

ከሦስቱ ተዋሳኞች ሁለቱ ፈርመውልኛል። የቀሩት እሳቸው ናቸው። ትናንት እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ሰጡኝ። ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አነበቡና እፈርምልሻለሁ፣ ግን የእኔም ስም ይግባበት አሉ። እሺ፣ አሁኑኑ ልጻፍልዎ ብላቸው እጄን ያዙኝ። ያ ልጅ ይጻፈው፤ ያስወጣኝ እሱ ነው፣ የሚያስገባኝም እሱ ይሁን አሉኝ። አልዋሽህም፣ መጀመሪያ ተናደድኩ። ሲሸኙኝ ስለ እማዬ ጤና ሲጠይቁኝ ግን እንባዬ መጣ።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ጆሮዋ ሥር ጮኼ ነገርኳት፤ መዶሻው ሊመለስ ነው አልኳት። ምን አለችኝ መሰለህ? እኔ እኮ እንቅልፍ ያጣሁት እሱ ሲቆም ነው፤ ሰው አጠገቤ እንዳለ የማውቀው በእሱ ነበር አለችኝ። ለእሷ ብለን ስንከስ፣ ወንድሜ፣ እሷን አንድ ቀን አልጠየቅናትም።

ባዶ ወረቀት አብሬ ልኬልሃለሁ። በኮምፒውተር እንዳትጽፈው፣ በእጅህ ይሁን። የእኔን ስፌትና የእሳቸውን ብየዳ አንድ ላይ ጻፍ፤ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አሥር ሰዓት ብቻ እንደሚቀጠቅጡም ጨምርበት፣ እሳቸውም ተስማምተዋል። ከፍ ብሎ ደግሞ ያኔ ተሳስተን ነበር በል። እሷን መስመር እንዳትዘላት፣ አውቅሃለሁ። ይህን ያደረሰልህ የአውቶቡስ ሹፌር እሁድ ይመለሳል፤ በእሱ እጅ ላክልኝ።

ባለቤትህን ሳምልኝ። ለትልቋ ልጅህ ቀሚሷን ቆርጬ አስቀምጬላታለሁ፤ የሚሰፋበት ቤት ከተገኘ ይደርሳታል። ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ፣ ልጄ አሁንም ጽሑፉ ያምራል ወይ ብላ ትጠይቅሃለች።

እህትህ

ከእማዬ ቤት፣ ከፊተኛው ክፍል
ረቡዕ ጠዋት፣ ሊታሸግ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው