ፍርድ ቤት ያልደረሰው ማመልከቻ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእታለሜ፣

ለሰው ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ከሰላምታዬ ላስቀድም። የወንድምዎን የቢያዝንን ክስ ፍርድ ቤት አልጣለውም። ክሱ ፍርድ ቤት አልደረሰም። ማመልከቻውን ይዤ ወጥቼ ይዤው የተመለስሁት እኔ ነኝ።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት አደረገዎ? በዚህ ወር የሐይቁ ነፋስ ለአጥንት ክፉ ነውና ሲወጡ ይሸፈኑ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት አለሁ፤ ዓይኔ ብቻ ደቃቅ ጽሕፈት እምቢ ማለት ጀምሯል። ይህን ደብዳቤ ለቄሱ ሰጥተው አያስነብቡብኝ። በመሠረተ ትምህርት ያን ሁሉ የደከሙት ለእንዲህ ያለ ቀን ነውና ቀስ ብለው ራስዎ ያንብቡት።

በጀልባ የላኩት መልእክት ደርሶኛል። ያ እግር ቆራጭ ድሬሰር ደልጊ ተመድቦ መጣ፤ የወንድሜን ሁለት እግር በልቶ አሁን ደግሞ የእኛን ሰው መርፌ ሊወጋ፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ በቀበሌው ሸንጎ አቆመዋለሁ፤ መጥተሽ መስክሪ፤ ካልመጣሽ የወንድሜ ሚስት አልልሽም ብለዋል። ጀልባ ነጂው ቃልዎን ብቻ ሳይሆን ቁጣዎንም ሳያጎድል አደረሰልኝ። ሸንጎው ሰውየውን ከሥራው ሊያስወጣው፣ ሊያሳስረውም ይችላል። አንድ ጊዜ ታስሯል። ሁለተኛ እንዳይታሰር ነው ይህን የምጽፈው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። በ1970 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ቢያዝን ሐይቁ ዳር የባሕር ዛፍ ግንድ ከመኪና ሲያወርድ ግንዱ ተንከባልሎ ሁለቱንም እግሮቹን እንደ መታው ያውቃሉ። ሆስፒታል ገብቶ ሁለቱም ከጉልበት እስከ ጣት በፋሻ ተጠቀለሉ። ግራው ይድናል ተባለ። ቀኙ ጠቆረ፣ ሸተተም፤ ካልተቆረጠ ሰውየው ይሞታል አሉን። ቢያዝን ራሱ ፈረመ። ከእንግዲህ ጫማዬን የምትጠርጊው አንዱን ብቻ ነው፣ እረፊ እንግዲህ ብሎ ቀለደብኝ።

በዋዜማው ድሬሰሩ ሙሀመድአወል መጥቶ በቀኙ ቁርጭምጭሚት ላይ ነጭ የጨርቅ ቁራጭ አሰረ። በጨርቁ ላይ በቀይ ቀለም አንድ ቃል ተጽፎበታል። ሥራ የበዛበት ሰው ስለ ነበረ ምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በዚያን ጊዜ ሀን ከለ አልለይም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሳይወስዱት፣ በነጠላዬ ሸሽጌ ያስገባሁትን ጠበል ልረጨው ተጠጋሁ። ቀኙ እግር አድሮ አብጦ ጨርቁ ከነፋሻው ሥጋው ውስጥ ሊገባ ደርሷል። ፈታሁለት። ፈትቼም በእጄ ይዤው ቆምሁ። እታለሜ፣ እኔ ቀይ ቀለም የማውቀው ከቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ነው። የእመቤታችን ስም፣ የመላእክት ስም በቀይ ይጻፋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ክታብ ላይም አይቻለሁ። ይህም የጥበቃ ቃል መሰለኝ። የሚቆረጠውማ ምኑ ይጠበቃል፣ የሚቀረው ይጠበቅ እንጂ ብዬ በግራው እግር ላይ አሰርሁት። እንዳይፈታ ብዬ ሦስት ጊዜ ቋጠርሁት። ቢያዝን ነቅቶ ነበር። ጠበሉ በረደኝ ብሎ ሲያጉረመርም ሳቅሁበት።

ሐኪሙ ምልክቱን አይቶ ግራውን ቆረጠ። ፋሻውን ፈትቶ አላየም፣ መዝገቡንም አላነበበም። የእሱን ጥፋት ከእሱ ላይ አላነሣለትም። በአራተኛው ቀን ቀኙም ተቆረጠ።

መርማሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ሐኪሙ ምልክት ባየሁበት ቆረጥሁ አለ፤ ወር ሳይሞላውም ተዛወረ። ሙሀመድአወልን ምን ብለህ ጻፍህ አሉት። ይቆረጥ ብዬ ጻፍሁ፣ በቀኙም አሰርሁ፣ አላህ ምስክሬ ነው አለ። ያ ቀይ ቃል ምን እንደ ነበረ ያወቅሁት በዚያች ሰዓት ነው። ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ ጓዲት፣ ጨርቁን ነክተሻል ወይ አለኝ። አልነካሁም አልሁ።

ሙሀመድአወል አሻጥረኛ ተባለ። ስድስት ወር ታሰረ። ሚስቱ ሸሪፋ ገበያ ላይ በርበሬ ዘርግታ ስትቀመጥ ሴቶቹ፣ አንቺ፣ ለመሆኑ ባልሽ የቤቱን በር በግራ ነው በቀኝ የሚያገኘው ይሏት ነበር። በቀበሌያችን የሚሊሺያ ልምምድ ሲደረግ አሠልጣኙ እርምጃ የሳተውን ሰው፣ አንተ ሙሀመድአወል፣ ግራህን አንሣ ብሎ ይጮኽበታል። ሰው ይስቃል። እኔም አንድ ቀን ከሰው ጋር ስቄአለሁ።

ቢያዝን ቤት ከገባ በኋላ ልቡን የሰጠው ለሕግ ነበር። ፍርድ ቤቱ ደጅ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አቤቱታ የሚጽፉት አቶ መርስዔ ኀዘን የፍትሐ ብሔር ሕጉን መጽሐፍ አዋሱት። ጮክ ብሎ ያነብልኛል። ሆስፒታል ሠራተኛው ላጠፋው ጥፋት ይጠየቃል። ካሣውም ለታከመበት ብቻ ሳይሆን፣ ከእንግዲህ ሠርቶ ሊያገኘው ለነበረው እንጀራ ጭምር ነው። የወንጀሉ መንገድ ሌላ ነው፣ በዐቃቤ ሕግ በኩል ነው። ነገር ግን የካሣው ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ካልገባ በሩ ይዘጋል። አቶ መርስዔ ኀዘን፣ በዚህ ዘመን መንግሥትን መክሰስ በሬ እንደ ማለብ ነው፣ ግን እለቡት፣ ቢያንስ በሬው ይደነግጣል ብለው አሳቁን።

እኔ ፊደል የያዝሁት ያኔ ነው። አስተማሪ አልነበረኝም። ጣቱ በመስመሩ ላይ ሲሄድ ዓይኔ ይከተለዋል፤ እሱ ሲያሸልብ መጽሐፉን ስቤ ብቻዬን እታገለዋለሁ። ማመልከቻውን በሦስት ገጽ ጽፎ፣ ሂጂ አስገቢ ብሎ ሲሰጠኝ ማንበብ መጀመሬን አያውቅም። ከመንገዱ ዳር ካሉት ዘንባባዎች ሥር ቁጭ ብዬ እየፈደልሁ አነበብሁት። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ በዚያ ጠዋት ከድሬሰሩ በቀር እግሬን የነካ ሰው የለም።

የተሳሳትሁ መስሎኝ ፊደሉን አንድ በአንድ በጣቴ ቆጠርሁት። አልተሳሳትሁም። ያን የጻፈው ያን ጠዋት ነቅቶ ያየኝ ሰው ነው።

ባስገባው ሙሀመድአወልን እንደገና ይጠሩታል፤ እኔም በመጽሐፍ ምዬ እመሰክርበታለሁ። ያን ቃል ሰርዤ ላስገባው ብል በእሱ ቦታ የራሴን ስም መጻፍ አለብኝ። ተመለስሁ። ተቀበሉኝ አልሁት። ደግ አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለቱ ዓመት እንዲሁ ሞላ። ቢያዝንን ያውቁታል፤ ያዋሰውን ምስማር የማይረሳ ሰው ነበር። የመዝገቡ ቁጥር ስንት ነው ብሎ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም።

በ1974 ሲያርፍ እርስዎ በለቅሶው ላይ ድሬሰሩን ረገሙት። እኔ አሜን አልሁ።

የሚመርረኝ ደግሞ ሌላ ነው። ከሞተ በኋላ መጽሐፉን ከአቶ መርስዔ ኀዘን መልሼ ተውሼ ደጋግሜ አነበብሁት። እውነቱን ተናግረን፣ ድሬሰሩን ሳንነካ፣ ሆስፒታሉን መክሰስ እንችል ነበር። የእኔ አላዋቂነት መዝገብ ያላነበበውን ሐኪም ነጻ አያወጣውም ነበር። አፌን ብከፍት ኖሮ ቢያዝን አራት ዓመት ሙሉ በሰው ጀርባ ታዝሎ ፀሐይ ባልሞቀ። ይህን ያወቅሁት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

እንግዲህ እታለሜ፣ ሸንጎው ካሣ አይሰጥዎም። ሊሰጥዎ የሚችለው የአንድ ንጹሕ ሰው እንጀራ ብቻ ነው። በሐሰት የመሰከረ ሰው ምን እንደሚደርስበትም አንብቤአለሁ፤ ያነበብሁት ለራሴ ነው። በእሑዱ ጀልባ እመጣለሁ። መስክሪ ብለዋል፣ እመሰክራለሁ። ከዚያ በኋላ የወንድሜ ሚስት አልልሽም ካሉ አልቀየምዎም፤ እስከዚያ ድረስ ግን በዚሁ ስም ልፈርም።

አምላክ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ደጅዎን ሰላም ያድርግልዎ። ለእኔ ምሕረት አይለምኑልኝ። ለቢያዝን ግን ጸሎትዎን አያቋርጡ፤ እስካሁን ካሰብነው ይበልጥ ያስፈልገዋል።

የወንድምዎ ሚስት

ግልባጭ፦
ለድሬሰር ሙሀመድአወልና ለባለቤቱ ለሸሪፋ፣ ደልጊ