እንባ የነጠፈባቸው እናታችን፣ የልብስ ሰፊዋ የእትዬ ልኬ የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ለስድስት ልጆች ታላቅ ነበሩና ትምህርታቸውን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጠው በአክስታቸው ልብስ ስፌት ቤት ሥራ ጀመሩ። መቀስ ከእጃቸው፣ ጨዋታ ከአፋቸው አይጠፋም ነበር። ቀሚስ አልገባ ያላትን ሙሽራ «አንቺማ ልክ ነሽ፤ የጠበበው ልብሱ ነው» ስለሚሉ «እትዬ ልኬ» የሚል ስም ወጣላቸው።

በ1968 ዓ.ም. የአውቶቡስ ሹፌር ከነበሩት አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አፋቸው ይደርቅ ያዘ። ክር በምራቃቸው አርሰው መርፌ ቀዳዳ ውስጥ መክተት አቃታቸው፤ ዳቦ ያለ ውሃ አልወርድ አላቸው፤ ዓይናቸውም አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራቸው ጀመር። እርጅና ነው ብለው ዝም አሉ።

በ1999 ዓ.ም. አባታችን በድንገት ሲያርፉ እናታችን ደረታቸው በሳግ እየተናጠ አንዲት ዘለላ እንባ እንኳ ጠፋቸው። የአባታችን እህት በለቀስተኛው መሀል «ወንድሜን በደረቅ ዓይኗ ቀበረችው» አሉ። ነገሩ ካፍ አፍ ዞረ። እናታችን ራሳቸውን ተጠራጠሩ። ታላቂቱን ልጃቸውን «አልወደውም ኖሯል እንዴ?» ብለው ጠይቀዋታል።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት ሐኪም ከታችኛው ከንፈራቸው ውስጥ ናሙና ወስደው አስመረመሩ። ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉት ሕዋሳት የገዛ አካላቸውን እንደ ባዕድ ቆጥረው፣ የምራቅ ዕጢዎቻቸው ውስጥ ተከማችተው ሲያጠቋቸው ኖረዋል። የእንባ ዕጢዎቻቸውንም ያደረቀው ይኸው ነበር። እናታችን ስለ መድኃኒቱ አልጠየቁም።

«ለካስ አልቅሼለታለሁ» አሉ።

የአባታችን እህት፣ አክስታችን፣ ይህን ሲሰሙ መጥተው እግራቸው ላይ ወደቁ። እናታችን አንስተው አጠገባቸው አስቀመጧቸው፤ ከዚያ ወዲህ እንደ እናት ልጅ ኖሩ። ያ የለቅሶ ቀን ንግግራቸው ከዚህ ታሪክ እንዳይቀር፣ ያን ጊዜ የሰማ ዛሬም ይስማ ያሉን ራሳቸው አክስታችን ናቸው።

በ2014 ዓ.ም. ከጆሯቸው ሥር ያበጠው የምራቅ ዕጢ ወደ ካንሰር መለወጡ ታወቀ። ሕክምናው ለጊዜው ቢያስታግስላቸውም፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አክስታችን በእርጥብ ጥጥ ከንፈራቸውን እያራሱላቸው ሳለ በቤታቸው አረፉ።

ሦስት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆችና እህት የሆኗቸው አክስታችን በሐዘን ቀርተዋል። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ ላስታመማችኋቸውና ዛሬም ለምትሸኟቸው ሁሉ ብድራችሁን ይክፈልልን።