የአሥራ አራት ሰው ወገብ

አሰብ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሙሉመቤት ሸዋንግዛው፣

የአዲስ አበባ ብርድና የትምህርቱ ብዛት እንዴት አድርገውሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እናትሽም ደኅና ናት። ዘንድሮ ሙቀቱ ቶሎ ስለገባ አልጋዬን ግቢ አውጥታልኛለች። «በጾሙ ባዶ ሆዷን እንዳታነብ በልልኝ» ብላለች። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት እንዲህ እንደማትባል አውቃለሁ፤ እኔ የታዘዝኩትን ነው የጻፍኩት።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የመጀመሪያውን ገጽ ለእናትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን የሚመሩሽ መምህርሽ አቶ ተክለጻድቅ ቁጥሮችሽን አይተው፣ ይህን ያህል ዓመት ጆንያ ከተሸከሙ አሥራ አራት ወዛደሮች መካከል አንድ እንኳ ወገቡን የሚያመው እንዴት ይጠፋል፣ ተመልሰሽ ለኪ ብለውሻል። አንቺ ደግሞ «አባቴ የመረጣቸው ሰዎች ናቸው፣ አባቴ አይዋሽም» ብለሽ ተከራክረሽ ረትተሻል። ግንቦት 8 ቀን በመምህራን ፊት ልታቀርቢው ነው።

ሙሉዬ፣ መምህርሽ ልክ ናቸው። አባትሽ ዋሽቷል።

ጥር ላይ መጥተሽ፣ በሸሚዛችን ላይ በጠመኔ ነጥብ እያደረግሽ፣ ቱንቢ ከትከሻችን እያንጠለጠልሽ፣ እርምጃችንን በሰዓት እየቆጠርሽ ወደብ ላይ አምስት ቀን ስትለፊ የለመንሽኝ አንድ ነገር ነበር። ምንም እንዳትነግራቸው፣ እንደ ሁልጊዜው ይሥሩ አልሽኝ። እኔም እሺ አልኩሽ። በማግስቱ አንቺ ሳትደርሺ ሰዎቼን በሩ ላይ ሰበሰብኩና፣ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ መጥታለች፣ ቀጥ ብላችሁ ተራመዱ፣ የት ያምሃል ስትል የትም በሉ አልኳቸው። እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረገው መሆኑ ነበር። በአንቺ ፊት የጎባጦች አለቃ መሆን አፈርኩ።

ደግሞ ባልናገርም አይነግሩሽም ነበር። ጠዋት ጠዋት የቀን ሠራተኛውን ስም የምጠራው እኔ ካቦው ነበርኩ። በኔ ቡድን ወገቤን ያለ ሰው በማግስቱ ስሙ አይጠራም። ማንም አላዘዘኝም፤ መርከቡ ቶሎ እንዲራገፍ ብዬ እኔው ያመጣሁት ልማድ ነው። አንቺ እስክሪብቶሽን ይዘሽ ስትጠይቂያቸው እነሱ የሚያዩት ከኋላሽ የቆምኩትን እኔን ነበር።

የራሔይታውን ሑመድን መቼም አትረሺውም። ልጅ ሳለሽ ትከሻው ላይ አድርጎ ባሕር ያስገባሽ የነበረው። በሦስተኛው ቀን ጥግ ይዞኝ፣ «ካቦ፣ ልጅቷ የመጣችው ለማወቅ ነው። እኛ ግን አታለን ልንሸኛት ነው» አለኝ። እኔ ሳቅሁበት፤ አንተ ደግሞ መቼ ተማርክ አልኩት። እሱም ጆንያውን ተሸክሞ በፊትሽ ቀጥ ብሎ አለፈ። በመዝገብሽ ቁጥር ስድስት ነው፤ ሕመም የለም ይላል።

መጋቢት ላይ ያ ሰው የረድኤት ስንዴ እንደተሸከመ ተንበረከከና መነሣት አቃተው። አሁን ራሔይታ ወንድሙ ቤት ተኝቷል። ከአሥር ቀን በፊት በጭነት መኪና ሄጄ ጠየቅሁት። ይወቅሰኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። እሱ ግን፣ «ሙሉ ጽሑፏን ጨረሰች?» አለኝ። ጨርሳለች ስለው፣ «የኔን ቁጥር አስተካክሉላት» አለኝ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ሾፌሩ መንገጫገጩ ነው ብሎ አዘነልኝ።

ከዚያ በኋላ የስም መዝገቡን በኔ ቦታ ካቦ ለሆነው ለፍቃዱ አስረከብኩ። የቀሩትን ሰዎቼን አስጠራሁና አንድ በአንድ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው ነገሩኝ። ስም የሚጠራው ሌላ ሰው ሲሆን ለካ ሰው ይናገራል። ዝርዝሩን አብሬ ልኬዋለሁ። ሑመድን ጨምሮ ከአሥራ ሦስቱ አሥሩ ወገባቸውን ያማቸዋል። ሁለቱ እግራቸው ይደነዝዛል። አንዱ ብቻ ጤነኛ ነው፤ እሱም ሥራ ከጀመረ ገና አምስት ወሩ ነው።

አሥራ አራተኛው እኔ ነኝ። ቁጥር አንድ ብለሽ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ተሸክሞ ወገቡ አልጎበጠም ብለሽ በምሳሌነት ያነሣሽኝ። ሸሚዝህን አውልቅ ስትዪኝ በሰው ፊት ነውር ነው ያልኩሽ ትዝ ይልሻል? ከሸሚዙ ሥር የእናትሽ መቀነት ነበር። አምስቱንም ቀን ጠዋት ጉልበቷን ወገቤ ላይ አስደግፋ ጥብቅ አድርጋ ታስረኝ ነበር። ቱንቢሽ የለካው መቀነቱን ነው።

መዋሸቴ ብቻ አይደለም የሚቆጨኝ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ የት ያምሃል ብሎ የጠየቀኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ ደግሞ የትም አልኩሽ።

ይህን ደብዳቤ ለመምህርሽ አሳዪያቸው። ጥፋቱ የአባቴ ነው በያቸው፤ እውነት ነውና አትፈሪ። ምርቃትሽ ቢዘገይ በኔ የመጣ ነውና ብትቀየሚኝም እችለዋለሁ። ተመልሰሽ ልለካ ካልሽ ግን ሰዎቹ ይጠብቁሻል። በዚህ ጊዜ ከኋላሽ የሚቆም የለም።

ዛሬ ሰሞነ ሕማማት ገብቷል። ይህን ይዤ ፋሲካን መዋል ስላልቻልኩ ነው በሚቀጥለው አውሮፕላን በሚሄድ ሰው እጅ የላክሁልሽ። የድንግል ልጅ ለትንሣኤው በሰላም ያድርስሽ። የለካሽው እውነት፣ የጻፍሽው የሚታመን ይሁንልሽ። እኔ ያጎደልኩብሽን እሱ ይሙላልሽ።

አባትሽ
ሸዋንግዛው

ደብዳቤውን ከማጠፌ በፊት ደግሜ አነበብኩት። መጀመሪያው ላይ ደኅና ነኝ ብዬሻለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ነው። ሰርዢውና በምትኩ ቁጥር አንድ ከተኛ ዘጠኝ ቀኑ ነው ብለሽ ጻፊ።