ያልተለካው ምርት

ኅዳር 24፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ቢጫው ዛሬም ጭቃ ሆነብኝ። የስንዴ ገለባ ቢጫ አይደለም፤ ቡናማም አይደለም። ምን እንደሆነ እስካሁን አልደረስኩበትም። የዘይት ቀለም ደግሞ ችኮላ አይወድም። ሃያ ሰባት ዓመት ኮምቦልቻ ፋብሪካ የጨርቅ አበባ ነድፌ ጡረታ ወጣሁ፤ አሁን አንድ ማሳ መሣል አቃተኝ። ሳቂብኝ፣ ደብተሬ።

ከደሴ ቦሩ ሜዳ ልሥል ስሄድ ያናገረኝ የሚኒባሱ ሹፌር ብቻ። በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊው አለኝ። ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። እዚያ ግን ሌላ ነው። የማሳው ባለቤት ጋሽ ሰይድ በሬዎቹን አውድማው ላይ እያዞሩ ከሩቅ ሰላም ይሉኛል። ሚስታቸው ዘሀራ ቆሎ በእፍኟ ይዛ መጣች፤ ስልክ ቁጥሬን ወሰደች፤ ወይኒቱ ብላ ጠራችኝ። በስሜ። ቤቴ ውስጥ ስሜን የሚጠራ ከጠፋ ስንት ጊዜው።

ኅዳር 28

አበላሸሁት። ሥዕሉን አይደለም።

ውቂያው አልቆ ፍሬው ከነእብቁ መሃል ላይ ተከምሮ ነፋስ ይጠብቃል። እስካሁን የጓጓሁት ለዚህ ነበር። ስልኬ ላይ ካየሁት ትምህርት እንደተማርኩት ብሩሹን ዘረጋሁ፣ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ የክምሩን ቁመት በአውራ ጣቴ ለካሁ። አንዴ። ሁለቴ። ቀና ስል ለደቦ የመጣው ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያየኛል።

ጋሽ ሰይድ መንሻቸውን እንደያዙ መጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እህቴ፣ እህል አውድማ ላይ ሳለ አይለካም። በረካው ይሸሻል» አሉኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ ለሥዕሉ ነው አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እኔ የገራዶ ገበሬ ልጅ! አባቴ ምርት ሳይገባ ስንት ይወጣዋል ብሎ የጠየቀውን እንኳ ያባርር ነበር። ያውም አንድ ዓይን ጨፍኖ እህል ላይ ማነጣጠር! የንድፍ ጠረጴዛው ያንን ሁሉ አስረሳኝ። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ማንም ቆዪ አላለኝም።

ታኅሣሥ 2

የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። አልወጣሁም። ሸራው ላይ ሁሉም አለ፤ ማሳው፣ በሬዎቹ፣ የዘሀራ ሻሽ። መሃሉ ብቻ ነጭ ነው። ክምሩን በትዝታ ሞከርኩት፤ እንደ ጨርቅ አበባ ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ ወጣ። ጠረግሁት። አለቀስኩ።

ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ወደዚያ የሚወስደኝ ሥዕል አይደለም። ብቸኝነት ነው። ምርቱ ተሰብስቦ ሲያልቅ ምን ብዬ እሄዳለሁ ብዬ እፈራ ነበር፤ ይኸው ሳያልቅም ቀረሁ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ባትሪው ሙሉ ነው፤ አየሁት።

ታኅሣሥ 5

ዘሀራ ደወለች!! ወላሂ የሞትሽ መስሎኝ ነበር ትላለች። ነፋስ ጠፍቶ ምርቱ እንደተከመረ ነው። ደነገጥኩ። በእኔ ይሆን? አልኳት። ሳቀች። ጋሽ ሰይድማ አስቀየምናት ወይ እያሉ ይነዘንዟታል። ነፋስ የመጣ ቀን እብቅ የሚጠርግ ሰው ያንሰናል፣ ትምጣልን፣ ብሩሿን ግን ቤቷ ትተወው ብለዋል።

አንዴ እህሉ ከእብቁ ተለይቶ ጎተራ ከገባ በኋላ የሚሣል ክምር የለም። እስከ ከርሞ። ይሄን አላጣሁትም። እሺ ያልኩት ግን ዘሀራ ተናግራ ሳትጨርስ ነው።

ታኅሣሥ 6፣ ከጠዋቱ 12 ሰ.

የጣሪያው ቆርቆሮ ይንኳኳል። ነፋስ ነው! ነፋስ!

አሮጌ ቀሚስ፣ ሻሽ፣ ለዘሀራ ስኳር። ቀለም የለም፣ ብሩሽ የለም። ሸራውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት፤ የምርቱ ቦታ ነጭ እንደሆነ ይቅር። ከእንግዲህ የምለካው እኔ አይደለሁም።

ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ነበርሽ። ዛሬ ግን አንቺንም አልይዝሽም፣ ደብተሬ። የማወራው ሰው አለኝ።