በስምሽ የተጠራችው ልጅ

ውድ ሱሀይር፣

እንዴት ነሽልኝ? እህቴ ራዲያ ልጇን በስምሽ ጠራቻት። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው። ትናንት ሰባተኛ ሰፈር ባለው ቤታችን የስም ማውጫዋ ድግስ፣ አቂቃዋ ነበር። አባዬ ሱቁን ዘግቶ የሸማ ተራን ነጋዴ በሙሉ ጠርቶልሻል። ስሟ ሲነገር ሁሉም “ማሻአላህ!” አለ። እኔም አልኩ። ከዚያ ዕቃ ላጥብ ብዬ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ። የደስታ እንዳይመስልሽ። ቅናት ነው ሱሂ።

ልጅቷ ያለጊዜዋ ተወልዳ እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ስትገባ፣ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ሁለት ሕፃናት በደም ኢንፌክሽን ሞተው ነበር። ብዙም ሳይቆይ እሷንም ትኩሳት ጀመራት። ደሟን የመረመርኩት እኔ ነኝ። ክሌብሲየላ የሚባለው ባክቴሪያ ወጣ። የሞከርኩበትን አንቲባዮቲክ ሁሉ ከምንም ሳይቆጥር ባክቴሪያ የማሳድግበትን ሳህን ሞልቶ በቀለ። አንዱ መድኃኒት ዙሪያ ብቻ ባክቴሪያው ያልደረሰበት ክብ አየሁ። ወደ ዶክተር ሳምራዊት ሮጥኩ።

“ዶክተር፣ ይሄኛው ይሠራል!”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“ደግሜ አይቼዋለሁ።”

እዚያው ጀመረችላት። ትኩሳቱ ቀስ በቀስ ለቀቃት።

ግን በሽታው ከየት መጣ? የክፍሉን የእጅ መታጠቢያ መርምሬ ያገኘሁት ኢ. ኮላይን ነው፤ ሌላ ባክቴሪያ። ስለዚህ ምንጩ እሱ አይደለም ብለን አለፍነው። ናሙናዎቹን ስዊድን ድረስ የላክሁልሽ ግራ ስለገባኝ ነው። አንቺ ሙሉ ዘረመላቸውን አንብበሽ፣ ጎን ለጎን አነጻጽረሽ በቪዲዮ ደወልሽ። ራዲያ አጠገቤ ነበረች።

“ናኢሚዬ፣ ባክቴሪያዎቹ ይለያያሉ፤ ፕላዝሚዱ ግን አንድ ነው!” ብለሽ ጮህሽ።

“ምንድነው እሱ?” አለች ራዲያ።

“ባክቴሪያው ውስጥ ያለች፣ ከዋናው ዘረመል የተለየች ትንሽ ቀለበት ናት። መድኃኒት የሚያሸንፈውን ጄን ይዛ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ትሻገራለች። የአንድ ዘር መሆን አይጠበቅባቸውም። መታጠቢያው ውስጥ ያለችው ቀለበት፣ ልጅሽ ደም ውስጥ ከተገኘችው ጋር አንድ ናት” አልሻት።

መታጠቢያው ከነቧንቧው ተነቅሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በሽታ የተያዘ ሕፃን አላየንም። ራዲያ ግን ለጠየቃት ሁሉ “ልጄን ያዳነቻት ሱሀይር ናት” ትላለች። እማዬም ትቀበላታለች፦ “ሱሀይርዬ እኮ ድሮም ጭንቅላት ናት!”

እኔስ? አንድ ዴስክ ላይ አብረን አልተማርንም? አንቺን ስዊድን ለወሰደሽ ስኮላርሺፕ አብረን አልተፈተንንም? ልጅቷን ያዳናት መድኃኒት የተገኘው እኔ ሳህን ላይ ነው። አንቺ ያዳንሽው ከእሷ በኋላ የገቡትን ነው። ይኼ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ከእኔም ሊበልጥ ይችላል። ግን ለእህቴ እንዴት አድርጌ ልንገራት? “ስሙ ለእኔ ይገባ ነበር” ይባላል?

እውነቱን ልንገርሽ፣ ከስሙም በላይ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ባክቴሪያዎቹን ያሳደግኋቸው፣ በየቀኑ ከፍቼ ያየኋቸው እኔ ነኝ። ሆዳቸው ውስጥ ያለውን ቀድመሽ ያየሽው ግን አንቺ ነሽ። ስልኩ ላይ ዓይንሽ እንዴት እንደበራ አይቻለሁ። ያቺን ደቂቃ ነው የቀናሁባት።

አሁን ከቀዶ ሕክምና ክፍል አዳዲስ ናሙናዎች አሉኝ። ላኪልኝ ብለሻል፣ እልካለሁ። ነገር ግን የተነበበውን ዘረመል እንዳለ መልሰሽ ላኪልኝ፤ ያንቺን ውጤት አትንገሪኝ። ለሕመምተኛ የሚያስቸኩል ነገር ካየሽ ያኔ ደውዪ። ሌላውን እኔ አነጻጽሬ፣ ያገኘሁትን እጽፍልሻለሁ። ማነጻጸሩን ከሥራ በኋላ እየተማርኩ ነው፤ ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ነው፣ እኔም ገና ነኝ።

ብሳሳት ሳቂብኝ። አንቺ ያላየሽውን ካየሁ ግን አደራሽን፣ ትንሽ ቅኚብኝ።

የምትወድሽም የምትቀናብሽም፣
ናኢማ