ወደ ኢዩኤል ስልክ የሄደው ቁጥር

ለወንድሜ ለኢዩኤል፤ እንደምን ከርመሃል? እኛ ከፒያሳ አቧራ በቀር የሚያስነጥሰን የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስትሄድ ጀምረህ የተውክልንን የኢንተርኔት ፊልም ምዝገባ ልንጨርስ ተነሣን። ድርጅቱ ለመታወቂያ እንኳ ያልተጠየቅነውን ጠየቀን። ያወጣሁትን የይለፍ ቃል ሁሉ «ደካማ ነው» እያለ ናቀው። በመጨረሻም ማረጋገጫ ቁጥሩን ላክሁ ያለው ወደ አንተ ስልክ ነው።

እማዬ ፊልም እንደማትወድ ታውቃለህ፤ አሁን ግን ከጎኔ አትነሣም።

«ደረሰው ይላል?»

«ተልኳል ነው የሚለው።»

«እስቲ ድገመው።»

ስንደጋግመው «ብዙ ሞክራችኋል፣ ነገ ተመለሱ» ብሎ እንደ መሥሪያ ቤት አሰናበተን። በማግስቱ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቀድማኝ ተቀምጣ አገኘኋት። በራሴ ስልክ ቀይሬው ልገላገል ብል፣ «የልጄን ቁጥር እንዳትነካ» አለችኝ።

ደውለንም ነበር። ስልክህ ላይ የምትመልሰው ሴትዮ ግን «ማግኘት አይችሉም» ከማለት ሌላ ወሬ የላትም፤ ከፋሲካ ወዲህ ቤተሰብ ሆነናል።

ስለዚህ ይህን ወረቀት አንተ በሄድክበት መንገድ ወደ መተማ ለሚወርደው ለሹፌሩ ለሄኖክ ሰጥቻለሁ። ቁጥሩን በእሱ እጅ ላክልን። ጊዜው አልፎበታል ብለህ አትተወው፤ እማዬ ያለፈበትንም ትቀበላለች።

ያለህበትን ደጅ መድኃኔዓለም ይጠብቅልን።

ወንድምህ ዓምደሚካኤል